የእናቴን የጭቃ ቤት ላሳድስ ነው፤ በቁርጥ ልስጥ ወይስ በቀን ላሠራ? (ደብረ ማርቆስ)

የማርቆሷ

ሰላም ጎበዝ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። እናቴ የምትኖርበትን ቤት ክረምቱ ሳይገባ ማሳደስ ፈልጌያለሁ። ቤቱ በደርግ ጊዜ የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ።

ያሰብኩት ቆርቆሮውን መቀየር፣ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጪም በሲሚንቶ ማስለሰን፣ ኮርኒስ ማስመታት፣ ሳሎኑን ሴራሚክ ማልበስ፣ የመብራቱን መስመር እንደ አዲስ ማስዘርጋት ነው። ከጓሮ ደግሞ ሻወርና ሽንት ቤት ይጨመራል። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ከመኝታ ቤቱ የሚለየውን ግድግዳም ላነሳው እያሰብኩ ነው።

ሁለት ሰው አናግሬያለሁ። አንዱ «ከነዕቃው በቁርጥ ልያዘው፣ ግማሹን አሁን ስጪኝ» ይላል። ሌላው ግንበኛ ነው፤ የሰፈራችን ሰው። «ዕቃውን አንቺ ግዢ፣ እኔ በቀን እሠራለሁ፣ ረዳቶቹንም እኔ አመጣለሁ» ነው ያለኝ። የመጀመሪያው ዋጋው ቀነስ ይላል፤ ግማሽ ብር የሚለው ግን አልጣመኝም።

እናቴ ደግሞ እየተሠራ እዚያው ልትኖር ነው። «ቤቴን ለማን ጥዬ?» ብላ ወይ ፍንክች! ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቡሬ_በርበሬ

ግማሽ ብር በሰጠሽ ማግስት ስልኩ «ለጊዜው ማግኘት አይቻልም» ይልሻል። እኔ በበኩሌ አልሰጥም።

ግንበኛው_ዘደጀን

እታለም፣ የሁለቱ ልዩነት ዋጋው ብቻ አይደለም። በቁርጥ የያዘ ሰው ጉዳዩ ቶሎ መጨረስ ነው። ይሮጣል። ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም ይቀባል፣ ሲሚንቶ ይቆጥባል። በቀን የሚሠራው ደግሞ ቀኑ ቢበዛለት አይጠላም። ሻዩም ይረዝማል፣ ምሳውም ይረዝማል። ሁለቱንም ሠርቼበታለሁ፤ ስለዚህ ሐሜት አይደለም።

እኔ የምመክርሽ ዕቃውን አንቺ እንድትገዢና የእጁን ሥራ ብቻ ከፋፍለሽ በቁርጥ እንድትሰጪ ነው። ጣሪያው ለብቻ። ልስኑ ለብቻ፣ በካሬ። ወለሉ ለብቻ። አንዱ ሲያልቅ አይተሽ ትረከቢያለሽ፣ ትከፍያለሽ፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋላችሁ። ሥራው ካልጣመሽ እዚያው ላይ በሰላም ትለያያላችሁ። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶችን እንዳትጥዪ። ማታ ማታ ቁጠሪያቸው። ስንት ከረጢት ለምን ያህል ግድግዳ እንደገባ በዚያ ታውቂያለሽ፤ ግንበኛውም እንደምትቆጥሪ ያውቃል።

አሁን ወደ ግድግዳው። የመሐሉ ግድግዳ ይነሳል ብሎ ማን ነገረሽ? በጭቃ ቤት ቋሚ የሌለበት ግድግዳ የለም። የመሐሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣሪያውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። አናጢ ላይ ወጥቶ ወራጁ የት ላይ እንዳረፈ ይይልሽ። በዚያ ግድግዳ ላይ ካረፈ፣ አንድ ምርግ ጭቃ ከመነሳቱ በፊት ወፍራም አግዳሚ ገብቶ ከግራና ከቀኝ በቋሚ መደገፍ አለበት። «እያፈረስን እናየዋለን» የሚልሽን ሰው አሰናብቺው። እናትሽ ከሥሩ እየኖረች ነው እኮ!

ሌላው የሲሚንቶ ልስኑ ነው። ጭቃና ሲሚንቶ አይዋደዱም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን አንዴ ከደረቀ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቆይቶ እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሳል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣና ባሕር ዛፉን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ላዩን የሚያምር ቤት ቋሚው በምስጥና በብስባሽ አልቆ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ውስጡን በጥሩ ጭቃና በጤፍ ጭድ አስለስነሽ ኖራ ወይም ቀለም ብታስቀቢው ይበቃሽ ነበር። ውጪውን የግድ በሲሚንቶ ካልሽ፣ ጭቃው ይጫር፣ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ይወጠርበት፣ ከዚያ ይለሰን።

ከሁሉም በፊት ግን ውሃው ከግድግዳው ይራቅ። ቆርቆሮው ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጣ ይበል። አሸንዳ ይኑረው። የግድግዳው እግር በድንጋይ ይታሰር።

አባኮስትር_77

ጋሼ ግንበኛው፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የአጎቴ የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ከተለሰነ ስንት ዘመኑ። ምንም አልሆነም።

ግንበኛው_ዘደጀን

ወንድምዓለም፣ የአጎትህ ቤት ከሥሩ የድንጋይ ግንብ አለው? አሸንዳስ?

አባኮስትር_77

ሁለቱም አለው።

ግንበኛው_ዘደጀን

ታዲያ ነገርክልኝ።

ጨረቃ_ዘባሕርዳር

እኔ ስለ ውሉና ስለ ዕቃው ልናገር፤ ባሕር ዳር ላይ ጣሪያ አስቀይሬያለሁ። ስሙን የማልጠራው ተቋራጭ ነበር የያዘው። ውላችን ላይ «ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ» ተብሎ ተጽፏል። መኪናው ሲመጣ ወጣሁና የአንዱን ቆርቆሮ ጫፍ በሁለት ጣቴ ያዝ አደረግሁት። ይርገበገባል። ምልክቱን ሳየው 35 ይላል። ጌጅ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው። ሰውየው ግን ፈገግ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንዲያውም ከፍ ያለውን ነው ያመጣሁልሽ!»

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁና አሳየሁት። ጭነቱ ሳይወርድ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ወረቀት ባይኖረኝ ኖሮ ክርክሩ ዛሬም ባላለቀ።

ስለዚህ ውሉ ላይ «ቆርቆሮ»፣ «ጥሩ ሽቦ»፣ «አንደኛ ደረጃ ሴራሚክ» የሚባል ነገር አታስጽፊ። ቁጥር ይጻፍ። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ የክፍያው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም «የጣሪያ የእጅ ሥራ» ብለሽ ጻፊበት። በእጅ ከሰጠሽም ፈርሞ ይቀበል። ቀብድ እኔ ከ20 በመቶ በላይ አልሰጥም፤ ዕቃውን ራስሽ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ቀብዱ ለምን እንደሚያስፈልገው ራሱ ይንገርሽ። ከመጨረሻው ክፍያ 10 በመቶ ያዝ አድርገሽ ቆዪ። የጣሪያውን ደግሞ ዶፍ ዝናብ ከወረደበት በኋላ ብትከፍዪ ይሻላል። ክረምት ሳይገባ ያስረከበሽ ጣሪያ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በምን ታውቂያለሽ?

ደግሞ ስለ እናትሽ። እናቶቻችን ለሠራተኛ ቡና ሳያፈሉ አያድሩም። ቡናው ይፈላ፣ ሣጥኑ ግን ይቆለፍ። አንድ ክፍል ሠራተኛ ጭራሽ የማይገባበት ሆኖ ይቀመጥ፤ ወርቁም፣ የቤቱ ካርታም፣ የባንክ ደብተሩም እዚያ ይግቡ። ግቢ የሚገባው ሰው ሁሉ መታወቂያውን በስልክ ፎቶ አንሺው፤ ፋይዳ ካለው ፋይዳውን። ዋናው ሰውዬ በሌለበት «እሱ ነው የላከኝ» የሚል አዲስ ሰው እንዳይገባ ለእናትሽ ንገሪያት። ሥራው ሲያልቅ የበሩን ቁልፍ ቀይሪ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

የማርቆሷ

እናመሰግናለን! ጨረቃዬ የጌጁ ነገር አሳቀኝም አስደነገጠኝም። ግን አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። የሰፈራችን ግንበኛ አባቴን የሚያውቅ፣ በዕድር አብሮን ያለ ሰው ነው። መታወቂያውን ፎቶ ላንሳ፣ ውል እንፈራረም፣ ዋስ ጥራ ብለው «አታምኚኝም ማለት ነው?» ብሎ ይቀየመኛል። ይሉኝታ ያዘኝ።

ቡሬ_በርበሬ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዕድሩስ መዝገብ አይጽፍም እንዴ? መቼ ነው ጸሐፊው «አላመናችሁኝም» ብሎ የተቀየመው?

ጠበቃው_ፍኖተሰላም

እህቴ፣ ቀለል አድርገሽ ንገሪው። «ወንድሜ ውጭ ሆኖ ገንዘቡን የሚልከው እሱ ነው፣ ወረቀት ይጠይቀኛል» በዪው። ወንድም ባይኖርሽም። 😄

አሁን ቁም ነገሩን። ውሉ በወረቀት ይስፈር፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። ውስጡ ምን ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ዕቃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ዋጋውና የአከፋፈሉ ተራ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ይኑር። ብዙ ሰው የማይጽፈው አንድ ነገር አለ፤ ጠቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ነው የሚመጣው። መሐል ላይ አዲስ ሥራ ሲጨመር ዋጋው ሳይነገር አይጀመር፣ በዚያው ወረቀት ጀርባ ተጽፎ ይፈረም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ የሠራው ሥራ በአግባቡ የተሠራና ጠንካራ ስለመሆኑ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። «ከ6 ወር በኋላ አልጠየቅም» የሚል ቃል ውሉ ላይ ቢያስገባ እንኳ ዋጋ የለውም። ይህ ግን ሥራውን ኃላፊነት ወስዶ ለያዘ ተቋራጭ ነው። በቀን እየከፈልሽ፣ «ዛሬ ይህን ሥሩ፣ ነገ ያንን» እያልሽ የምታዢው አንቺ ከሆንሽ ሌላ ነው። ያኔ አሠሪዋ አንቺ ነሽ። ግድግዳው ቢጣመምም፣ ሰው ከጣሪያ ቢወድቅም፣ ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ አንቺ ነው። በቀን ልቅጠር ወይስ በቁርጥ ስትዪ ዋጋውን ብቻ አትመዝኚ፤ አንድ ሰው ቢጎዳ የማን ደጅ ይንኳኳል የሚለውንም መዝኚ። ውሉ ላይም በግልጽ ይጻፍ፦ ረዳቶቹን የሚቀጥረው፣ የሚከፍለውና ለደኅንነታቸው የሚጠየቀው ማን ነው?

የረዳቶቹን ዕድሜም እዪ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይቻልም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብሎኬት ተሸክመው መሰላል የሚወጡ ልጆች አያለሁ። «ይለምድ ብዬ ነው» ቢልሽም አትቀበዪ።

ማዘጋጃ ቤትም ጎራ በዪ። ሻወር መጨመርና ጣሪያ መቀየር ቀለም እንደ መቀባት አይደለም፤ ፈቃድ ይጠየቃል። ከተጀመረ በኋላ «አቁሚ» ከመባል ቀድሞ መጠየቅ ይቀላል።

አባኮስትር_77

ጠበቃው ስለ ማለቂያ ቀን ያነሳው ላይ ልጨምር። ግንበኛው «በ30 ቀን እጨርሳለሁ» ሲልሽ የሥራ ቀን ነው ወይስ ዝም ብሎ 30 ቀን? ጎጃም ነው ያለነው። ቅዳሜና እሑድ አለ። ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29። አቦና ሥላሴንም የሚያከብር አለ። ስትቆጥሪው ወሩ ግማሽ ነው። እኔ በዓል ይሻር አላልኩም። ቀድሞ ይቆጠር ነው ያልኩት።

ሽቦ_ቆጣሪ

መብራቱ ላይ እኔ ልግባ። ሥራዬ ነው።

አብዛኛው አሮጌ ቤት አንድ ቀጭን ሽቦ ዞሮ ዞሮ ሁሉንም ይመግባል። አምፖሉም፣ ሶኬቱም፣ ምጣዱም። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። በ220 ቮልት ስታሰዪው ወደ 16 አምፔር ነው። ይህን ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ሽቦ (ቁጥሩ የሽቦው ውፍረት ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር) ብታስጎትቺው ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይግላል። ግድግዳሽ ደግሞ ጭድና እንጨት ነው። ስለዚህ ምጣዱ ከብሬከሮቹ ሰሌዳ ጀምሮ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ውፍረቱ 4 የሆነ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር። ለሶኬት 2.5፣ ለአምፖል 1.5 ይበቃል። ሻወር ስለምትጨምሪ የመሬት ሽቦ ግዴታ ነው። ትንሽ ብር ጨምረሽም ባለ 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መቁረጫ ብሬከር አስገቢ፤ ሰው ሲነዝረው ወዲያው የሚቆርጠው ማለቴ ነው። ሽቦውም በቱቦ ውስጥ ይሂድ እንጂ ጭቃ ውስጥ ራቁቱን አይቀበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መብራት ይጠፋል። ግንበኛው ወይም ቀለም ቀቢው «መብራት የለም» ብሎ የተንጠለጠለውን ሽቦ በእጁ ይገፋል፣ አሮጌውን ሶኬት ይነቅላል። መብራቱ ደግሞ በየትኛው ደቂቃ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። ብዙ አደጋ የሚመጣው እንዲህ ነው። መብራት ቢኖርም ባይኖርም፣ ሽቦ የሚነካ ሥራ ካለ ከቆጣሪው ሥር ያለው ዋናው ብሬከር ይውረድ። ላዩ ላይ ወረቀት ይለጠፍበት፤ እናትሽም እንዳትመልሰው ይነገራት። የተቆረጠ የሽቦ ጫፍ ሁሉ በቴፕ ተጠቅልሎ ይደር።

ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ያለውን መስመር ማንም እንዳይነካ። እሱ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። ቆርቆሮ ስትቀይሩም መስመሩ በጣሪያው ላይ የሚያልፍ ከሆነ ቀድማችሁ አመልክቱ። ረጅም ቆርቆሮ ተሸክሞ ዞር ያለ ሰው ጫፉ የት እንደሚደርስ አያይም።

የማርቆሷ

ሽቦ ቆጣሪ፣ የዋናው ብሬከር ነገር ጨርሶ በሐሳቤም አልመጣም ነበር። ኤሌክትሪሻኑ የሚያውቅ መሆኑን በምን ልወቅ?

ሽቦ_ቆጣሪ

የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ጨርሶ የብቃት ምዘናውን ያለፈ ከሆነ ሲኦሲ ወረቀት አለው፤ አሳየኝ በዪው። ወረቀት የሌለው ጎበዝ የለም አልልም፣ አለ። እሱን ደግሞ የሠራውን ቤት ወስዶ ያሳይሽ። ሰሌዳውን ክፈቺና እዪ። ብሬከሮቹ ላይ የየትኛው ክፍል እንደሆኑ ተጽፏል? ሽቦዎቹ ቀለማቸው ተለይቷል? ወይስ ሁሉም ቀይ ነው? ከዚያ የቤቱን ባለቤት ሰውየው በሌለበት ጠይቂ፦ «ስትጠሪው ተመልሶ መጥቷል ወይ?»

ሞጣ_ቀራንዮ

ከጓሮ ሽንት ቤት ብለሻል። አሮጌው የጉድጓድ ሽንት ቤት የት ነው ያለው? አዲሱን ጉድጓድ ከእሱ አርቂው። ከውሃ ጉድጓድ ደግሞ፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ሰው አይግባ። ለመጥረግም፣ የወደቀ ዕቃ ለማውጣትም። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ አየሩን ያሳጣል። አንዱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ጭራሽ አይሸትም፣ ሰውየው ጋዙ የሄደ ይመስለዋል። አንዱ ገብቶ ይወድቃል። ሌላው «ወንድሜ!» ብሎ ይከተላል። እሱም ይቀራል። እኛ አካባቢ በአንድ ጉድጓድ ዘመዳሞች ያለቁበት ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈርም አፈሩን ከአፉ ቢያንስ 1 ሜትር አርቃችሁ ድፉት። ከወገብ በላይ ሲጠልቅ ጎኑ በእንጨት ይደገፍ፣ በተለይ መረሬ ከሆነ። ዝናብ ባደረ ማግስት ማንም አይውረድ። ማታ በወፍራም ጣውላ ይከደን፤ የጎረቤት ልጅም፣ በግም፣ እናትሽም አሉ።

ነርሷ_ደምበጫ

ሞጣ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ።

እኔ የማነሳው ከሰል ነው። ማርቆስ ይበርዳል። ሥራ ሲጀመር ዕቃ ጠባቂ ይቀጠራል፣ ማታ አንዱ ክፍል ውስጥ ከሰል አያይዞ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ወይም ልስኑ ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ይነድዳል። የከሰል ጭስ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለው። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ «ድካም ነው» ብሎ ይተኛል። ጠዋት አይነሳም። አዲስ ኮርኒስና አዲስ መስኮት ደግሞ ቤቱን ጥብቅ አድርጎ ነው የሚዘጋው። ድሮ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባ የነበረው አየር አሁን የለም። እናትሽም የለመደችውን ከሰል ከኮርኒሱ በኋላ ቤት ውስጥ እንዳታሳድር።

ኖራና ሲሚንቶ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ለዚህ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ከሥራው አጠገብ ይቀመጥ። ቡኬቱ ውስጥ ያለው የሲሚንቶ ውሃ ለዚህ አይሆንም! አሮጌ የዘይት ቀለም በሩና መስኮቱ ላይ ካለ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ሕፃናትን ይጎዳል። እርጥብ አድርገው ይፋቁት። የልጅ ልጆች ካሉ በዚያ ሰሞን አያት ቤት አይምጡ።

ሰው ከላይ ከወደቀ፣ ጎትቶ ማስቀመጥና ውሃ ማጠጣት ይቅር። አንገቱንና ጀርባውን ሳታንቀሳቅሱ ሸፍናችሁት አምቡላንስ ጥሩ። የቀይ መስቀል 907 ነው። የቅርቡን ሆስፒታል ስልክም ግድግዳው ላይ ጻፉት።

የማርቆሷ

እሺ። ሰሞኑን አናጢ ጠርቼ ጣሪያውን አሳየሁት። ጋሼ ግንበኛው ልክ ነበሩ፤ ወራጁ የመሐሉ ግድግዳ ላይ ነው ያረፈው። ግድግዳው አይነሳም። በሩን ብቻ ሰፋ እናደርገዋለን፣ እሱንም ከላይ አግዳሚ ገብቶለት። የውጪውን ልስን ጉዳይ ገና ከእናቴ ጋር እየተከራከርን ነው፤ እሷ «ጎረቤት ሁሉ ሲሚንቶ አስለስኖ የእኔ ጭቃ ሆኖ ይቅር?» ነው የምትለው።

ግማሽ ብር ያለኝን ሰውዬ ተውኩት። የሰፈራችንን ግንበኛ ደግሞ ጠበቃው እንዳለው በሌለ ወንድሜ አሳብቤ ውል አነሳሁበት። «እኔስ ስትጠይቂኝ ነበር የምጠብቀው» አለኝ! ለካ ባለፈው አንድ ባለቤት ደመወዙን ክዶት ኖሯል።

እናቴ ከጓሮ ያለው ኩሽና ውስጥ ለመተኛት ተስማምታለች፤ ጣሪያው እስኪያልቅ ብቻ። በምትኩ የጣሪያው ምት ቀን ጠላ ትጠምቃለች። ጠንስሳለችም።

ግንበኛው_ዘደጀን

ጠላው ደስ ይላል። ግን የመጨረሻው ሚስማር ከተመታና ሁሉም ከወረደ በኋላ ይቀዳ። ቀምሶ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ካየሽ ሥራውን አስቁሚ። እኔ የቀኑን ከፍዬ ወደ ቤቱ እሰደዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጤዛ ያረፈበት ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ እስኪደርቅ አይወጣ። አሮጌው ላይ የሚሄድ ሰው እግሩን ሚስማሩ የተመታበት መስመር ላይ ያሳርፍ፣ ከሥሩ እንጨት አለ። መሐሉን የዛገ ከሆነ ይቀደዳል። መሰላሉም ከታች አንድ ሰው ይያዘው። 4 ሜትር ለሚወጣ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ይራቅ። መወጣጫውን ከጉማጅ ባሕር ዛፍ ሠርተው በአንድ ሚስማር ሲያንጠለጥሉት ካየሽ፣ ራሱ ግንበኛው መጀመሪያ ይውጣበትና ይዝለልበት በዪው።

የማርቆሷ

ሃሃ፣ እሱን እለዋለሁ! አሸዋ አንድ ቢያጆ ነገ ይመጣል። ጥሩ መሆኑን በምን ላውቅ?

ግንበኛው_ዘደጀን

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰጂ። ግማሹን በአሸዋው ሙዪ፣ ውሃ ጨምሪበት፣ ክዳኑን ዝጊና በደንብ ናጪው። ከዚያ አስቀምጠሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ። ስትመለሺ አሸዋው ከታች ይረጋል፣ ከላዩ ደቃቅ ጭቃ ይነጠፋል። ጭቃው ስስ ሽፋን ከሆነ ጥሩ ነው። ከጣት ውፍረት ከበለጠ ሾፌሩ ሳያራግፍ ይመልሰው፤ ስለዚህ ናሙናውን ዛሬውኑ አስመጪ። ያ ጭቃ ነው ሊሾውን የሚሰነጥቀው።

ሲሚንቶም ስትገዢ ለልስንና ለግንብ ባለ 32.5 ፒፒሲ ይበቃል። ለጉድጓዱ ክዳን አርማታ ግን ባለ 42.5 ኦፒሲ። አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፣ ከሥሩ ያለው ድጋፍም በጥድፊያ አይነሳ። ውሃ ማጠጣቱን እናትሽ ትያዘው፤ ከእሷ የተሻለ ተቆጣጣሪ አታገኚም።

ጨረቃ_ዘባሕርዳር

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የጣሪያውን ክፍል እስቲ እዚህ ለጥፊልን።

የማርቆሷ

እነሆ፦ «አሮጌውን ቆርቆሮ ማንሳት፣ የተበላሸ ማገር መቀየር፣ ባለ 32 ጌጅ አዲስ ቆርቆሮ መምታት፣ አሸንዳ መግጠም። ዕቃ በባለቤት። የእጅ ዋጋ በሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ ሲጀመር፣ ቆርቆሮው ተመትቶ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው 10 በመቶ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ። ረዳቶችን የሚቀጥረውና የሚከፍለው ሠሪው ነው፤ ዕድሜያቸው ከ18 በታች አይሆንም።»

ጠበቃው_ፍኖተሰላም

ጥሩ ነው። «የተበላሸ ማገር» የሚለው ላይ ግን ስንት ድረስ በዋጋው ውስጥ እንደሆነ ቁጥር አስገቢ። አለበለዚያ ሁሉም የተበላሸ ይሆናል። «ሠሪው በሥራው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው» የሚለውንም ጨምሪ። ምስክሮቹ ከሁለታችሁም ዘመድ ያልሆኑ ቢሆኑ ይመረጣል።

ግንበኛው_ዘደጀን

አሮጌው ቆርቆሮ የማን እንደሆነም ጻፊ። በልማድ አንዳንዱ ሠሪ «የእኔ ነው» ብሎ ጭኖ ይሄዳል። ለእናትሽ የዶሮ ቤትና የእንጨት መጠለያ ይሆናታል። ጣሪያው በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ አይገለጥ፤ በአንድ በኩል እየተነሳ በዚያው በኩል ይመታ። ትልቅ ሸራም ተበድረሽ አዘጋጂ። ግንቦት ላይ በረዶ ቀጠሮ የለውም።

የማርቆሷ

ሸራ ከዕድሩ ድንኳን እንዋሳለን። ቆርቆሮውን ጻፍኩት፤ ማገሩን «እስከ 15» ብለን ተስማማን። ነገ ከሰዓት እንፈራረማለን።

ቡሬ_በርበሬ

ጠላው ሲደርስ አድራሻውን እዚሁ ጣዪልን።